ጎሬ ማን አለ?

ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶልዮ ረጅም የመኪና ሰልፍ አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደዋል። በመሐሉ ባሉት ቀናት ሱቅ ተዘርፏል፣ ቤት ተቃጥሏል፤ የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮኑ ግቢ ተጠልለው የሚመጣውን ይጠባበቁ ነበር። ማምሻውን ሙሶሊኒ ሮም ላይ ወደ ሰገነቱ ወጣና ጦርነቱ አበቃ፣ ኢትዮጵያም የጣሊያን ሆነች ብሎ አወጀ።

በዚያው ቀን፣ በለንደን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኘው በዉድፎርድ፣ አንድ አዲስ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለአንባቢ ቀረበ። ስሙ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ነበር። አዘጋጇ ሲልቪያ ፓንክረስት በዚያ ቀን 54 ዓመት ሞላት። ጋዜጣውን ያቋቋመችው ስለ ኢትዮጵያ ለዓለም ለመንገር ነው። ለልደቷ የደረሳት ወሬ ግን የምትነግርለት አገር ከነጻ አገሮች መዝገብ ተፋቀ የሚል ሆነ። የሚቀጥለው እትም ስለ ምን ሊጽፍ ነው?

ሲልቪያ ተሸነፈ ለተባለ ጉዳይ መቆም ልማዷ ነበር። በወጣትነቷ ሥዕል ተምራለች፤ የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ግን ከብሩሽና ከቀለም ነጥሎ ወሰዳት። ደጋግማ ታሰረች። እህል ውሃ አልቀምስም ባለች ጊዜም የእስር ቤት ሰዎች በጉሮሮዋ ቱቦ እየሰደዱ በግድ መገቧት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እናቷና ታላቅ እህቷ ከመንግሥት ጎን ሲቆሙ እሷ ጦርነቱን ተቃወመች። በምሥራቅ ለንደን የሠራተኞች ሰፈርም ለ10 ዓመት ያህል ጋዜጣ አዘጋጀች። የሕይወት አጋሯ ሲልቪዮ ኮሪዮ ከአገሩ የተሰደደ ጣሊያናዊ ነበር፤ የማተሚያ ሥራ ያውቃል፣ ይጽፋልም። ፋሺስት ማለት ምን እንደሆነ ለዚህ ቤት ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

የኢትዮጵያ ጦርነት በተጀመረበት በ1928 ዓ.ም. ሲልቪያ ዉድፎርድ መንገድ ዳር የድንጋይ ሐውልት አስቆመች፤ ሐውልቱ አፍንጫውን ወደ ታች የደፋ የአውሮፕላን ቦምብ ነው። ከአውሮፕላን ቦምብ መጣልን ለመከልከል እምቢ ላሉ መንግሥታት በምፀት የቆመ ነበር። ሐምሌ ሳይገባ ሐውልቱ እንደገና ሲመረቅ የገለጠው ሰው በለንደን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ነበር። የሠፈሩ የፓርላማ ተወካይ ዊንስተን ቸርችል ይባል ነበር፤ እሱ ግን በዚያን ጊዜ ዓይኑ በጀርመን ላይ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ከአገር ውጭ ጋዜጣ ማውጣት የብዙ ስደተኞች ዕጣ ሆኖ ነበር። ከሂትለር የሸሹ ጀርመናውያን ከታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ ላይ «ፓሪዘር ታገብላት» የተባለ ዕለታዊ ጋዜጣ በራሳቸው ቋንቋ ያሳትሙ ነበር። የጣሊያን ፀረ ፋሺስቶችም እዚያው ፓሪስ የራሳቸውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያወጡ ነበር። እነዚህ ሁሉ ጥለውት የተሰደዱትን አገር ውስጡን ያውቁታል፤ ቋንቋውን ይናገራሉ፣ ከዘመድና ከወዳጅ ወሬ ይደርሳቸዋል። ሲልቪያ ግን ኢትዮጵያን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ያላት ነገር ጥያቄ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ወድቃለች፤ ኢትዮጵያስ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። በጦርነቱ ጊዜ አዲስ አበባን ሞልተዋት የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች ተበተኑ። የለንደኑ «ታይምስ» ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር በጣሊያኖች ትእዛዝ ከከተማዋ ተባረረ። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም የነበረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ቆመ። በምትኩ በጣሊያንኛ «ኮሪየሬ ዴል ኢምፔሮ»፣ በአማርኛ ደግሞ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» ወጡ። ሁለቱም አገሩ ሰላም ነው ይሉ ነበር።

ሲልቪያ ወደ እንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጻፈች። ባለሥልጣኖቹ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ከጥንት ያውቋታል፤ መልሳቸው አጭር ነበር። ለፓርላማ አባላት ጻፈች፤ እነሱ ሲጠይቁም ከሚኒስትሮቹ የሚያገኙት የተድበሰበሰ ቃል ነው። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ከአገር ወጥተው፣ ሕንድ ውስጥ አድገው ሐኪም የሆኑ አዛውንት ነበሩ። ጋዜጣውን ደገፉ። ይሁን እንጂ ከአገር ቤት የሚደርሳቸው መልእክት ተቋርጦ እሳቸውም በጨለማ ነበሩ።

ግንቦት 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ደረሱ። ሲልቪያ አገኘቻቸውና ቃለ መጠይቅ አደረገችላቸው። ሳትደብቅም እሷ የንጉሥ አገዛዝ እንደማትወድ፣ የምትደግፋቸው ንጉሠ ነገሥት ስለሆኑ ሳይሆን ጉዳያቸው እውነት ስለሆነ ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸውም አውቃለሁ አሏት። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ በስደተኞቹ ኢትዮጵያውያን አፍ አንድ የቦታ ስም ይደጋገም ጀመር። በአውሮፓውያን ካርታ ላይ እንኳ በጭንቅ የሚገኝ ስም ነበር፦ ጎሬ።

ጎሬ ያኔ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ላደገ ሰው ግን የቡና መንገድ መናኸሪያ ነበረች ብሎ መግለጽ ይቀላል። ከጫካው የተለቀመ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ጎሬ ይደርስና ከደጋው ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። ጋምቤላ ደግሞ በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት ከባሮ ወንዝ ዳር ለእንግሊዝ የተሰጠ፣ ከሱዳን የሚተዳደር የንግድ ጣቢያ ነበር። ከዚያ ቡናው በእንፋሎት መርከብ ካርቱም ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከመውጣታቸው በፊት መንግሥቱ ወደ ጎሬ እንዲዛወር ተወስኖ፣ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እንዲመሩት፣ ራስ እምሩም እንደራሴ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። ወሬው እውነት ከሆነ የሙሶሊኒ አዋጅ ውሸት ነው። ግን ጎሬ ውስጥ በእርግጥ ማን አለ?

ይህን የሚያውቅ አንድ የውጭ ሰው ነበር፤ በጎሬ የእንግሊዝ ቆንስል ካፒቴን አርስኪን። የቆንስሉ መልእክቶች ለንደን ይደርሱ ነበር። የሚደርሱት ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ሚኒስቴሩ ከሙሶሊኒ ጋር መታረቅ ይፈልግ ስለነበር ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት አለ የሚል ወሬ ማውጣት አልጣመውም። መልሱ ከሲልቪያ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ቦታ ተቆልፎበት ተቀምጧል፤ እሷ ግን ልታየው አትችልም።

ያን ጊዜ ነው ክረምቱ የገባው።

የደቡብ ምዕራብ ዝናብ ምን እንደሆነ የሚዛን፣ የቴፒና የማሻ ሰው ያውቀዋል። ጭቃው የጣሊያንን የጭነት መኪናና ታንክ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ጠፍሮ ያዘው። ይኸው ዝናብ በሌላ በኩል ባሮን ሞላው። የእንፋሎት መርከቦች ወደ ጋምቤላ መውጣት የሚችሉት ወንዙ በሚሞላባቸው በእነዚህ ወራት ብቻ ነበር። ለጦሩ መንገድ የዘጋው ውሃ ለነጋዴውና ለወሬው መንገድ ከፈተ። ከጎሬ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ ዓለም የሚሄደው የቡና መስመር በዚያ ክረምት የነጻይቱ ኢትዮጵያ መተንፈሻ ሆነ።

በዚህ መስመር ከወጡት ወሬዎች አንዱ ሮምን አስደነገጠ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ከነቀምት አጠገብ ቦነያ በተባለ ሜዳ የጣሊያን አውሮፕላኖች አረፉ። የመጡት የወለጋን ሹማምንት በቃል ለማሳመን ነበር፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ጄኔራል ማልዮኮና በጣሊያን ስሙ የገነነው አብራሪ ሎካቴሊ ነበሩ። ሌሊቱን «ጥቁር አንበሳ» የተባለው የወጣት መኮንኖችና የተማሩ ሰዎች ማኅበር ከበባቸው። አብዛኞቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከአንድ ቄስ በቀር ከጣሊያኖቹ የተረፈ አልነበረም። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ክሳቸውን አሰሙ። አበቃ የተባለው ጦርነት አላበቃም ነበር።

የዉድፎርዱ ጋዜጣ አሁን የሚይዘው ጫፍ አገኘ። በየሳምንቱ ምዕራብ ኢትዮጵያ አልተያዘም፣ መንግሥት አለ እያለ ጻፈ። ተቃዋሚዎቹም መልስ አላጡም። እውነት መንግሥት ካለ ለምን እርስ በርሱ ይጣላል? አሉ። በዚህ ላይ ተሳስተዋል ለማለት ያስቸግራል። ራስ እምሩ ጎሬ ሲደርሱ የጠበቃቸው አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር። የወለጋ የኦሮሞ ባላባቶች አንድ ክፍል ደግሞ የራሳቸውን ኅብረት አቋቁመው፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት እንግሊዝ እንድትጠብቃቸው በቆንስሉ በኩል ጠይቀዋል። ምዕራቡ አንድ ድምፅ አልነበረውም። ጣሊያን ግን አልገባበትም። ይህ ልዩነት ሚዛን የሚደፋበት ቀን መስከረም ላይ መጣ።

መስከረም 1929 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የማኅበሩ ጉባኤ ሲከፈት ጣሊያን አንድ ነገር ጠየቀች፤ ኢትዮጵያ የምትባል አገር ስለሌለች ልዑካኗ ወንበር አያግኙ። የኢትዮጵያ ልዑካን መልስ ያቺው የቡና ከተማ ነበረች፤ መንግሥታችን ጎሬ አለ አሉ። ኃያላኑ ኢትዮጵያን በዘዴ ለማስወጣት ቀናት ሙሉ መከሩ፤ ትንንሾቹ አገሮች ግን ነገ በእኛም ይደርሳል ብለው ፈሩ። መስከረም 13 ቀን ድምፅ ሲሰጥ 39 አገሮች ልዑካኑ እንዲቀመጡ ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ 6 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ወንበሯን ያዘች። የጣሊያን ልዑካን ጉባኤውን ረግጠው ቀሩ።

ዉድፎርድ ላይ ደስታ ሆነ። በዚያው ሳምንት ግን የመስቀል አበባ ፈንድቶ፣ ዝናቡ ቆሞ፣ ጭቃው መድረቅ ጀምሮ ነበር።

መንገዱ ሲደርቅ የጣሊያን ጦር ወደ ምዕራብ ተንቀሳቀሰ። ኅዳር 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች። ራስ እምሩና የጥቁር አንበሳ ሰዎች ወደ ደቡብ አፈገፈጉ። ታኅሣሥ 9 ቀን በከፋ ድንበር ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበቡና ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ። ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ በተባለች ደሴት ታሰሩ። የዚያች ደሴት ታሪክ በዚህ አያበቃም፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን። ለጊዜው ግን ጋዜጣው የያዘው ብቸኛ ክር ተበጠሰ። የቡናው መስመር ተዘጋ፣ መንግሥት ያለበት ከተማ ጠፋ፣ የእንግሊዝ ባለሥልጣኖችም አሁንስ በቃ አሉ።

ሁለት ወር እንዳለፈ ከዚህ የከፋ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ተከትሎ የመጣው ጭፍጨፋ ለሦስት ቀን ከተማዋን በደም አጠባት። ሮም ዝም ልታሰኝ ሞከረች፤ ወሬው ግን ከሌጋሲዮኖችና ከባቡር ተሳፋሪዎች እየሾለከ ወጣ። ለንደን ላይ ሐኪም ወርቅነህ የደረሳቸው መርዶ የቤታቸው ነበር፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ተረሽነዋል። ሲልቪያ የተባለውን ሁሉ አተመች። ጭፍጨፋው የአንድ አገዛዝን ጭካኔ አሳየ፤ የእሷን የመጀመሪያ ጥያቄ ግን አልመለሰም። ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ የሚዋጋ ሰው ቀርቷል?

ያገራችን ሰው ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል። ሲልቪያ መጠየቅ አላቆመችም፤ መልሱም ባልተጠበቀ በኩል መጣ። ከጎሬ የሚመጣው መንገድ ቢዘጋም አንድ ሌላ መንገድ ጣሊያን ልትዘጋው አልቻለችም፤ የጅቡቲ ባቡር። ሐዲዱ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር፣ መድረሻውም የፈረንሳይ ወደብ። ነጋዴው፣ ስደተኛው፣ ከጦር የከዳው፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ጅቡቲ ውስጥም ዋዚር አሊ ቤግ የተባለ ከሕንድ ምድር የመጣ ሰው ይኖር ነበር። ይህ ሰው ከባቡር የሚወርደውን እየጠየቀ፣ የሰማውን እየጻፈ ወደ ዉድፎርድ መላክ ጀመረ።

ከጅቡቲ በሚመጡት ጽሑፎች ውስጥ በአዲስ አበባ ጋዜጦች ላይ የማይገኝ አገር ነበር። ድልድይ ተሰብሯል፣ ምሽግ ተከቧል፣ የጭነት መኪና በመንገድ ተቃጥሏል ይላሉ። የአርበኞች መሪዎች ስም ይደጋገም ነበር። በሸዋ አበበ አረጋይ ነበሩ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ከወሊሶ አንሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ገረሱ ዱኪ። ሲልቪያ ገጾቿን ከፈተችላቸው። ኮሪዮም «ክራስቲኑስ» በሚል የብዕር ስም የጣሊያንን ጋዜጦች እየመረመረ ፋሺስቶቹ ሳያውቁት የሚያምኑትን ነገር ያወጣ ነበር። የሞቱ መኮንኖች ስም ሲታተም፣ ሜዳልያ ሲታደል፣ ሰላም ነው ወደተባለ አውራጃ ተጨማሪ ጦር ሲላክ፣ እያንዳንዱ ለሚያነብ ሰው ምልክት ነው።

ሆኖም አዲስ ችግር መጣ። ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ የድል ወሬ በየጣቢያው እየደለበ ይደርሳል። አሥር የሞተበት ውጊያ ጅቡቲ ሲገባ መቶ ይሆናል። ጋዜጣው የታተመውን ቁጥር ሁሉ ማረጋገጥ አልቻለም፤ ተቃዋሚዎቹም ይህን ይዘው ተረት ነው አሉ። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነበር፤ ቁጥሮቹ የተጋነኑ ነበሩ። ከተጋነነው ወሬ በታች እውነት መኖሩን የሚያረጋግጥ፣ አገሩ ውስጥ ገብቶ በዓይኑ አይቶ የሚመለስ ምስክር ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኘው የት ነው?

ሰዓቱ ደግሞ እያለቀ ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የቻምበርሌን መንግሥት ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ፈረመ። ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት መሆኗን እንግሊዝ በይፋ ልትቀበል ነው። ግንቦት ላይ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ሃሊፋክስ ጄኔቭ ሄዶ እያንዳንዱ አገር እንዳሻው ያድርግ ብሎ ተከራከረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ተገኝተው ተቃወሙ። ኅዳር ላይ ለንደን ለጣሊያን ግዛት እውቅና ሰጠች። የጋዜጣው ማስረጃ እየበዛ በሄደ መጠን የሚሰማው ባለሥልጣን እየቀነሰ ሄደ።

ምስክሩ የተገኘው በዚያው ጨለማ ዓመት ነው። ኤርትራዊው ሎሬንዞ ታእዛዝ በጄኔቭ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ነበሩ፤ ሕግ የተማሩ፣ ከኤርትራ የጣሊያንን አገዛዝ ሸሽተው የወጡ ሰው። በ1938 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲፕሎማቱ የዲፕሎማት ልብሳቸውን አውልቀው በሱዳን በኩል በምስጢር ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ጎጃምና በጌምድር ውስጥ ከአርበኞች መሪዎች ጋር ተገናኙ። ቢያዙ ስቅላት እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር።

አልተያዙም። በደህና ወጥተው ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀረቡት ቃል ጥርት ያለ ነበር። ጣሊያን የያዘችው ከተማውንና የመኪናውን መንገድ ነው፤ ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ያለው አገር የአርበኛው ነው። ጦርነቱ በብዙ ቦታ አለቆቹ ሳይነጋገሩ፣ መሣሪያም ሳይላክላቸው፣ ያለማቋረጥ ቀጥሏል። በቀጣዩ ዓመት ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን በዚያው መንገድ ጎጃም ገብቶ በበሽታ እዚያው ሞተ። ሲልቪያ በሩቅ ሆና በወሬና በግምት የደረሰችበትን ነገር አሁን ሰዎች በእግራቸው ሄደው አረጋገጡት። አዲስ አበባ ወደቀች ማለት ኢትዮጵያ ወደቀች ማለት አልነበረም።

ጋዜጣው በዚህ ጊዜ አድጎ ነበር። በ10 ሺህ ቅጂ የጀመረው በከፍተኛው ጊዜ እስከ 40 ሺህ ደረሰ። በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶች በቅኝ አገዛዝ ሥር ያሉ ጥቁር አንባቢዎች ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉት ነበር። ኒው ዮርክ ላይም ዶክተር መላኩ በያን ለዚሁ ዓላማ «ቮይስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለ ጋዜጣ ያወጡ ነበር። የዉድፎርዱ ጋዜጣ ቅጂዎች በድብቅ ኢትዮጵያ ውስጥም ገቡ፤ ከጽሑፎቹ አንዳንዱ ወደ አማርኛ እየተመለሰ በአርበኞች መካከል ይነበብ ነበር። ጫካ ውስጥ ያለው ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ከለንደን ዞሮ ሲመጣ አነበበ። የጣሊያን ጋዜጦች ሲልቪያን በስሟ እየጠሩ መስደብ የጀመሩት በከንቱ አልነበረም።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ለአራት ዓመት በጋዜጣው ላይ በሩን የዘጋው ሚኒስቴር በአንድ ሌሊት አርበኞችን ፈላጊ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ተወሰዱ። ከአዲስ አበባ ተባሮ የነበረው ጆርጅ ስቲርም መኮንን ሆኖ አብሯቸው ነበር፤ ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ተዘጋጅቶ ከአዋጆች ጋር ወደ አገር ቤት ተላከ። የአገር ውስጥ ዜና ፈልጎ ወደ ውጭ ያወጣው ሥራ አሁን ከውጭ ወደ ውስጥ ዞረ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው፤ ዉድፎርድ ላይ ሲልቪያ 59 ዓመት ሞላት። ያ ድል ግን ለምዕራቡ ገና አልደረሰም ነበር። በባሮ በኩል ከቤልጅየም ኮንጎ የመጣ የአፍሪካውያን ወታደሮች ጦር ጋምቤላን ይዞ ወደ ደጋው ወጥቶ ነበር። ሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራ ደምቢ ዶሎ ላይ እጁን ሰጠ። የእንፋሎት መርከብና የቡና በቅሎ ሲመላለሱበት የኖሩት መስመር እንደገና ተከፈተ።

ፖንዛም አልተረሳችም። ሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በገዛ ሰዎቹ ከሥልጣን ሲወርድ እስረኛ ሆኖ ከተወሰደባቸው ቦታዎች አንዱ ያቺው ደሴት ነበረች። ጎጀብ ላይ የተማረኩት ራስ እምሩ የታሰሩባት ደሴት የማራኪያቸው ጌታ መታሰሪያ ሆነች። ራስ እምሩም በኋላ ነጻ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ሲልቪያ ለስምንት ዓመት የጻፈችለትን አገር በዓይኗ ያየችው በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ነቀምት ላይ በወጣትነቷ ለሞተችው ለነርሷ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባሰበች። ጋዜጣው እስከ 1948 ዓ.ም. ቀጠለ። በዚያ ዓመት ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገባች፤ ከዚያም «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔት ጀመረች። በመስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት አረፈች፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበረች። ሪቻርድ የታሪክ ምሁር ሆኖ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መመሥረት ዋና ሰው ነበር፤ የእናቱን የኢትዮጵያ ሥራም በመጽሐፍ ጻፈ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት መዝገቦች ሲከፈቱ የቆንስሉ ደብዳቤዎች ለተመራማሪ ዓይን በቁ። ጎሬ ውስጥ የነበረው መንግሥት ድሃ፣ የተከፋፈለ፣ ከገዛ አካባቢው ሹማምንት ጋር እንኳ ያልተስማማ ነበር። ጋዜጣው ይህን መከፋፈል አሳንሶ፣ የአርበኞቹን ድል ደግሞ አግንኖ ጽፏል። ይህን የሚያነብ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለበት። መዝገቡን ያዩት ባለሥልጣኖች ሁሉን እያወቁ ጉዳዩ አበቃለት አሉ፤ መዝገቡን ያላየችው ሴት በግማሽ ወሬ ተነሥታ አላበቃም አለች። አምስት ዓመት የፈጀው ታሪክ የፈረደው ለእሷ ነው። ስንት ሰው፣ በማን ትእዛዝ፣ በምን መሣሪያ የሚለው ዝርዝር ግን ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ሽማግሌዎች አፍና በየቤቱ በተቀመጠ ወረቀት ውስጥ ጠያቂውን እየጠበቀ ነው።